ቃሉን ከጉሙ አውጣው

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሦስቱን መረጥኩ። ሦስቱም ከጎጃም ናቸው፤ ሦስቱም ላፕቶፕ ላይ ስለሚሠራ ሙዚቃ ያነሳሉ። የመጀመሪያው ረጅም መልስ ስለሚፈልግ አብዛኛውን ቦታ ለእሱ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፤ ከደብረ ማርቆስ

«ጋሼ፣ እንደምን አሉ? የ26 ዓመት ልጅ ነኝ። ቀን ሞባይል ጥገና እሠራለሁ። ማታ ማታ ሙዚቃ አቀናብራለሁ። የበኩር አልበሜን ልጨርስ ነው። ዘጠኝ ዘፈን አለው። ግጥሙም፣ ዜማውም፣ ቅንብሩም የኔ ነው። አሠራሩ በፖስት-ፓንክና በሲንዝ-ፖፕ መካከል ነው። ከታች ደረቅና ቀጥ ያለ ቤዝ፣ ከላይ ህልም ህልም የሚል ኪቦርድ። ጓደኞቼ ‹የፈረንጅ ነው፣ እዚህ ማን ይሰማዋል› ይሉኛል። አንድ አቀናባሪ ደግሞ ‹በየዘፈኑ ማሲንቆ ጨምርበት፣ ኢትዮጵያዊ ይሆንልሃል› አለኝ። እናቴ ሁለት ዘፈን ሰማችና ‹ልጄ፣ ምን እያልክ ነው?› አለች። ግራ ገባኝ። ዘፈኖቹን በቴሌግራም ልኬልዎታለሁ። እውነቱን ይንገሩኝ።»

መልስ

ወንድሜ፣ ዘጠኙንም ሰማኋቸው። መጀመሪያ ማታ በሄድፎን ሰማሁ። በማግስቱ አንድ የማውቀውን ባጃጅ ነጂ ለምኜ፣ ከጣና ዳር ተነስተን እስከ ዓባይ ድልድይ ድረስ በእሱ ስፒከር ሰማሁ። ሦስተኛ ጊዜ ቤቴ ውስጥ፣ ባለቤቴ ሽሮ ስትሠራ በስልኬ ከፈትኳቸው። በሄድፎን ኪቦርዱ ልቤን ወሰደው። በባጃጁ ቤዙ ነገሠ፤ ነጂው ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ነበር የሚነዳው። ወጥ ቤት ውስጥ ግን ባለቤቴ ማማሰሉን አቆመችና «ምን አለ?» አለችኝ። እናትህም የጠየቁህ ይህንኑ ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ፤ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው።

አስቀድሜ ግን እውነቱን ልንገርህ። ሥራህ ጥሩ ነው። ሦስተኛውን ዘፈን አምስት ጊዜ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ቤዙ ብቻውን ዜማ ነው። አፌ ላይ ቀርቶ ገበያ ስሄድ እያንጎራጎርኩት ነበር።

ስለ «የፈረንጅ ነው»። ፖስት-ፓንክ የተወለደው እንግሊዝ ውስጥ በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ነው። ፓንክ የሚባለው ሻካራ ሮክ ጮኸ፣ ሰበረ፣ ቶሎም ደከመ። ከእሱ ቀጥለው የመጡት ልጆች ያንኑ ንዴት ይዘው ቀዝቀዝ አሉ። ጊታሩን አሳሱት። ቤዙን ከኋላ አውጥተው ፊት አስቀመጡት። የማንችስተሮቹ ጆይ ዲቪዥን የመጀመሪያ አልበማቸውን በ1979 አወጡ። እዚያ አልበም ላይ ቤዝ ተጫዋቹ ፒተር ሁክ ብዙ ጊዜ ከፍ ባሉት ድምፆች ላይ ይጫወታል። ዜማውን የሚይዘው እሱ ነው። አንተም ከእሱ እንደተማርክ ያስታውቃል። በ1980 ድምፃዊው ኢያን ከርቲስ ሞተ። የቀሩት ኒው ኦርደር ተብለው ቀጠሉ፤ ሲንተሳይዘር (ድምፅ በኤሌክትሪክ የሚፈጥር ኪቦርድ) እና ድራም ማሽን አስገቡ፤ በ1983 «ብሉ መንዴይ»ን አወጡ። አንተ የምትሠራው መጋጠሚያ ያኔ ተሠርቷል ማለት ነው። የሠሩትም ሐዘን ላይ የነበሩ የሠራተኛ ከተማ ልጆች ናቸው።

እኔ ይህን ዓይነት ሙዚቃ መጀመሪያ የሰማሁት እዚያው አንተ ያለህበት ከተማ ነው። በደርግ ጊዜ በአውራጃው የኪነት ቡድን ውስጥ ኦርጋን እጫወት ነበር። ምሥራቅ ጀርመን ተምሮ የተመለሰ የአጎቴ ልጅ አንድ ካሴት ይዞ መጣ። የእንግሊዞቹ የሲንዝ-ፖፕ ቡድን ዲፔሽ ሞድ ነበሩ። እነሱ በ1988 እ.ኤ.አ. ምሥራቅ በርሊን ድረስ ሄደው ተጫውተዋል። የኛ ወሬ ግን ያች ካሴት ነበረች። ወሩ ነሐሴ ነው። የመለማመጃው ክፍል መስኮት በጉም ተሸፍኗል፣ ከግቢው በር ማዶ ምንም አይታይም። ቴፑን ከፈትነው። ኪቦርዱ ሲመጣ ያ ጉም ድምፅ ያወጣ መሰለኝ። ማናችንም አልተናገርንም። ካሴቱ አልቆ ቴፑ «ቀጭ» እስኪል ድረስ ቁጭ ብለን ቀረን።

ስለዚህ የማርቆስ ልጅ ከጮቄ በሚወርደው ጉም ውስጥ አድጎ ይህን ሙዚቃ ቢወድ እኔን አይገርመኝም። የኛም ሰው መንገዱን ጀምሮታል። ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አዋህዶ ብቻውን አልበም ቀረጸ። በ2013 እንደ አዲስ ታተመና ዓለም ሰማው። አራተኛው ዘፈንህ ላይ ያለው የሚነዝር ኪቦርድስ? እሱን ስሰማ ትዝ ያለኝ የዐቢይ ጾም በገና ነው። በገና አሥር ክር አለው። እያንዳንዱ ክር በሚያርፍበት ቦታ ላይ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባል። ያ መንዘር የሚመጣው ከቆዳዋ ነው። አባቶቻችን ንጹሑን የክር ድምፅ ሆን ብለው አሻከሩት። ይህን ያህል ዘመን እንዲህ ያለ ድምፅ ሲሰማ የኖረ ጆሮ የአንተን ሲንዝ እንግዳ ነው ብሎ አይመልሰውም።

አሁን ስለ ማሲንቆው። እባክህ አትጨምር። ማሲንቆን ስለምጠላ እንዳይመስልህ፤ ስለምወደው ነው።

በ1987 ዓ.ም. ባሕር ዳር ውስጥ ለአንድ ድምፃዊ ካሴት አቀናብር ነበር። ዜማው ባቲ በሚባለው ቅኝት ነው። እኔ ሦስት ሦስት ድምፅ ያለው ኮርድ እየደረደርኩ ሞላሁት። አሳታሚው ሰማና «ፈረንጅ ፈረንጅ ይላል፣ ማሲንቆ አስገባበት» አለ። አንድ ትልቅ አዝማሪ አስመጣን። ሰውየው ጭራውን ቃኘ። ሙዚቃውን ሰማ። እንደገና ቃኘ። ሰማ። ሦስተኛ ቃኘ። ከዚያ ደጋኑን ጭኑ ላይ አሳረፈና «ጌታዬ፣ እዚህ ቤት መቀመጫ የለኝም» አለኝ። ከፍለን ሸኘነው። ያን ቀን ማታ ተመልሼ ሰማሁት። እውነቱን ነበር። ቅኝቱን እኔው በኮርዶቼ ቀድሜ አስወጥቼዋለሁ። ማሲንቆው ቢገባ ኖሮ ጌጥ ብቻ ይሆን ነበር።

አንተም ስድስተኛው ዘፈን ላይ ይህንኑ እየሠራህ ነው። ዜማህ አምባሰል ነው። ከዶ ብንነሳ አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት (ከሬ ግማሽ እርምጃ ዝቅ ያለው)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። ሚ የለበትም። ሚ ፍላትም የለበትም። ኪቦርድህ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዶ ማይነር ይዟል፤ ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል። ያች አንዲት ሚ ፍላት አምባሰሉን ትገፋዋለች። ድምፅህ አንድ አገር፣ ኪቦርድህ ሌላ አገር ሆነዋል። አውጣት። ዶና ሶልን ብቻ ያዝ። ባዶ መስሎ ከተሰማህ ከላይ ፋ ጣልበት። ሬ ፍላት ላይ ስትደርስ ግን ሙሉ ኮርድ መሥራት ትችላለህ፤ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ላ ፍላት ሦስቱም ቅኝቱ ውስጥ አሉ። ፋ ላይም እንደዚያው፤ ፋ፣ ላ ፍላት፣ ዶ። እኔ በኦርጋኔ ቤዝህን እየተከተልኩ ሞክሬዋለሁ። ከዶ ወደ ሬ ፍላት የምትሄደው ያች አጭር እርምጃ የምትፈልገውን ጨለማ ብቻዋን ታመጣዋለች። ከማንችስተር መበደር አያስፈልግህም።

አሁን ወደ እናትህ ጥያቄ።

ድምፅህን ጉም ውስጥ፣ እንደ ገደል ማሚቶ በሚያስተጋባ ሪቨርብ ውስጥ፣ ከተኸዋል። ለምን እንዳደረግከው ይገባኛል። የዚህ ሙዚቃ ልማድ ነው። ከስኮትላንድ የወጡት ኮክቶ ትዊንስ የመጀመሪያ አልበማቸውን በ1982 እ.ኤ.አ. ካወጡ ጀምሮ ስንቱ ተከትሏቸዋል። ድምፃዊቷ ኤልሳቤጥ ፍሬዘር ብዙ ጊዜ ምን እንደምትል አይለይም። ያምራልም። እሷ ግን ድምፅዋን እንደ መሣሪያ ነው የተጠቀመችበት። አንተ ግጥም ጽፈሃል። ያውም ጥሩ ግጥም። ከሰባተኛው ዘፈን ይህን ስንኝ ያገኘሁት አራት ጊዜ ወደ ኋላ እየመለስኩ ነው።

ሰዉ ሁሉ ተኛ፣ መብራቱም ጠፋና፣
እኔ ቁጭ ብያለሁ፣ ለእኔ ነው ገና።

ሳነበው ብድግ አልኩ። «ገና» ላልቶ ሲነበብ ሌሊቱ ላንተ አልመሸም፤ ጠብቆ ሲነበብ ሌላው ሲተኛ ላንተ በዓል ነው። ሰሙም ወርቁም አንዲት ቃል ላይ ተቀምጠዋል። የቅኔ ቤቶቹ ዋሸራና ጎንጅ ያሉበት አገር ልጅ ይህን በደሙ ያገኘዋል። ግን ማን ሰማው? ጠብቆ በሚነገረውና ላልቶ በሚነገረው መካከል ያለው ልዩነት የዓይን ጥቅሻ ታህል ጊዜ ናት። «ና»ን ትንሽ ቆየት ማድረግ ነው። የአራት ሰከንድ ሪቨርብ ሲመጣባት ያች ልዩነት ትሰጥማለች። ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጸም እንደዚሁ ናቸው። ጉሮሮ ተዘግቶ፣ ለአፍታ ጸጥ ብሎ ነው የሚፈነዱት። የቀደመው ቃል ጭራ ያችን ጸጥታ ሲሞላት ፍንዳታው ይጠፋል። ለእንግሊዝኛ ዘፈን የተመቸ ሪቨርብ ለአማርኛ ሁልጊዜ አይመችም። ይህን አሠራር ከቪዲዮ የሚማሩ ልጆቻችን ሁሉ ይህን ቢያውቁልኝ ደስ ይለኛል።

ጉሙን አታጥፋው። ቦታውን ቀይርለት። ሪቨርቡ ላይ ፕሪ-ዲሌይ የምትባለውን ቁልፍ አሁን ዜሮ ላይ ያደረግካት ይመስለኛል። ከ60 እስከ 80 ሚሊሰከንድ አድርጋት። ያኔ ቃሉ መጀመሪያ ደረቁን ይደርሳል፤ ጉሙ ተከትሎት ይመጣል። የሪቨርቡን ርዝመት ከአራት ሰከንድ ወደ ሁለት ገደማ አውርደው። ከ500 ኸርዝ በታች ያለውን የሪቨርብ ድምፅ ቁረጠው፤ ቤዝህም አየር ያገኛል። ድምፅህን ሁለት ጊዜ ቀድተህ ደርበሃል፣ ጥሩ ነው። ግን ሰምና ወርቅ ባለበት ቃል ላይ አንዱን ዝጋው። አንድ አፍ ብቻ ይናገር። በስንኞቹ መካከል ባለው ክፍት ቦታ ላይ ግን ጉሙን እንደፈለግህ ልቀቀው። እዚያ ቃል የለም፣ ማንም አይጎዳም።

ስትጨርስ ሰባተኛውን ለእናትህ አሰማቸው። አታስረዳቸው። «ገና»ን በሁለቱም ከሰሙት ፊታቸው ላይ ታየዋለህ።

ሌላው አጭር ነው። ስምንተኛውን ዘፈን ተወው። ቢቱ የሁለተኛው ነው፣ ፍጥነቱም ያው ነው። ስምንት ዘፈን ለበኩር አልበም ይበቃል። ማስተሪንጉን፣ የመጨረሻውን የድምፅ ማስተካከያ፣ ራስህ አትሥራ፤ ሁለት ወር ሙሉ የሰማኸው ጆሮህ ደክሟል። ሥራህን ደግሞ በሁለት ፍላሽ አስቀምጥ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ይሁን። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሃርድ ዲስክ ይዞ የሚሄድበት ጊዜ አለ፤ እኔ የአንድ ዓመት ሥራ ያጣሁት እንደዚያ ነው።

ጥያቄ፤ ከባሕር ዳር

«ጋሽዬ፣ እኔም በላፕቶፕ ነው የምሠራው። አንድ ቀን ማታ አዝማሪ ቤት ሄደን በስልኬ ቀዳሁ። ከዚያ አራት ሰከንድ ቆርጬ ቢቴ ላይ አስገባሁት፣ በየስምንት ባሩ ይደጋገማል። ዘፈኑን የተሸከመው እሱ ነው። አዝማሪዋን በስም አላውቃትም። አራት ሰከንድ ብቻ ስለሆነ ችግር አለው?»

መልስ

አለው፣ እህቴ። አራት ሰከንድ ብቻ አትበይ። አንቺው ራስሽ «ዘፈኑን የተሸከመው እሱ ነው» ብለሻል።

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዋኝ ለሚለው ሰው መብት ይሰጣል። ከዋኝ ማለት የሚዘፍነው፣ የሚጫወተው ነው። ክዋኔው እሱ ሳይፈቅድ እንዳይቀረጽ የመከልከል መብት አለው። ጥበቃው 50 ዓመት ነው። በ2007 ዓ.ም. አዋጁ ተሻሽሏል፣ ይህ ግን አልቀረም። የአዝማሪዋን ስም ስለማታውቂው መብቷ አይጠፋም።

ሌላም ነገር አለ። አዝማሪ ቤት «ተቀበል!» ሲባል ታውቂያለሽ። ስንኙን የሚጥለው ብዙ ጊዜ እንግዳው ነው፤ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል። የቆረጥሽው ቃል ያለበት ከሆነ ግጥሙ የማን እንደሆነ እሷን ጠይቂያት። እሷ ታስታውሳለች። አዝማሪዎች የሰው ግጥም አይረሱም፣ እንጀራቸው ነው።

ሥራ በማይበዛበት ቀን፣ በጊዜ፣ ቤቱ ሳይሞላ ሂጂ። መጀመሪያ ዘፈኑን አሰሚያት። ሄድፎኑን ጆሮዋ ላይ አድርጊላት፤ ራሷን በዚያ ጉም መሃል ስትሰማ ምን እንደምትል ማየት ለአንቺም ትምህርት ነው። ከዚያ ስለ ገንዘቡ ተነጋገሩ። አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ጻፉት፤ የዘፈኑ ስም፣ ስንት እንደከፈልሽ፣ ወደፊት ገቢ ከመጣ ድርሻዋ ስንት እንደሆነ። ሁለታችሁም ፈርሙ፣ ሁለት ምስክር ይኑር። ዘፈኑ ሲወጣ ስሟ ካንቺ ስም አጠገብ ይጻፍ። ከተስማማች ደግሞ በደህና ማይክ እንደገና ቅጂያት። የብርጭቆው ኳኳታና የሰው ሳቅ ነው የወደድኩት የምትይ ከሆነ ግን የስልኩን አትጣዪው። እኔም ብሆን እሱን ነው የምመርጠው።

ጥያቄ፤ ከቡሬ

«ወንድሜ፣ ልጄ ዲግሪውን ይዞ ሥራ ሲፈልግ ሁለት ዓመቱ ነው። ማታ ማታ ጆሮውን ደፍኖ ላፕቶፕ ላይ ያጎነብሳል። ሙዚቃ እየሠራሁ ነው ይለኛል፤ እኔ ግን ምንም አልሰማም። አሁን ሳውንድ ካርድ የሚባል ነገር ግዛልኝ አለ። ልግዛለት? ወይስ እያበላሸሁት ነው?»

መልስ

አባቴ፣ ጥያቄዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «ምንም አልሰማም» የሚለው ላይ ቆምኩ። ልጅዎ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ሲሠራ ቤት ውስጥ ማንም አልሰማውም። ሄድፎን ያደረገው እናንተን እንዳይረብሽ ይሆናል።

ሳውንድ ካርዱ ድምፅን ከማይክና ከመሣሪያ ተቀብሎ ወደ ኮምፒዩተሩ የሚያስገባ ሣጥን ነው። ልጅዎ የሚዘፍን ወይም ጊታር፣ ክራር የሚቀዳ ከሆነ ያስፈልገዋል። ሁሉንም እዚያው ኮምፒዩተሩ ውስጥ የሚሠራ ከሆነ ግን ለጊዜው ይቆይ፤ ለዚያው ብር ደህና ሄድፎን ይጠቅመዋል። «የምትቀዳው ነገር ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁት። መልሱ ይነግርዎታል። ካለዎት ይግዙለት። ከሌለዎት ደግሞ እንደሌለዎት ይንገሩት፤ ትልቅ ሰው ነው፣ ይገባዋል። ሥራ ፍለጋውን እንዳይተው መምከር ተገቢ ነው። ግን ሁለቱን አያጣሉበት።

ከመግዛትዎ በፊት ግን አንድ ነገር ያድርጉልኝ። እሑድ ከሰዓት ቡና ሲፈላ ሄድፎኑን ነቅሎ አንድ ዘፈን እንዲያሰማዎት ይጠይቁት። እስኪያልቅ አይናገሩ። ሲያልቅ ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው አይበሉት። ግጥም ካለው፣ ጆሮዎን የያዘውን አንድ ስንኝ «ድገምልኝ» ይበሉት። ከዚያ ይጻፉልኝ። ምን እንዳሰማዎት ማወቅ እፈልጋለሁ።